የአሳማ ሥጋ የምግብ ዋጋ፦ አንድ ቁጥር ለምን አይበቃም?

አኅጽሮት

ይህ አጭር ጥናት የለማዳውን አሳማ ሥጋ የምግብ ዋጋ ከእንስሳው አፈጣጠር፣ ከመኖው፣ ከእርባታው ታሪክና ከአዘገጃጀቱ ጋር አያይዞ ይመረምራል። ዋና ክርክሩ «የአሳማ ሥጋ» በሚል አንድ ስም የሚጠራው ምግብ በይዘቱ አንድ አይደለም የሚል ነው። ከአንዱ የአካል ክፍል ወደ ሌላው ሲታለፍ የስቡ መጠን ከሃያ እጥፍ በላይ ይለያያል፤ የስቡ ጠባይ ደግሞ እንስሳው በበላው መኖ ይወሰናል። ስለዚህ ሥጋውን በጅምላ የሚያወድሱም ሆኑ በጅምላ የሚያወግዙ አስተያየቶች ሳይንሳዊ መሠረታቸው ደካማ ነው። ጥናቱ በመጨረሻ በአመጋገብ ላይ ለሚመራመሩ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የአሠራር ምክር ያቀርባል።

ቁልፍ ቃላት፦ ለማዳ አሳማ፣ የምግብ ይዘት ሠንጠረዥ፣ ታያሚን፣ የስብ አሲድ፣ መኖ፣ የኮሶ ትል

1. መግቢያ

ስለ አሳማ ሥጋ የሚነገረው ነገር ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። አንደኛው ወገን ሥጋው በሽታ ተሸካሚና ለሰው አካል የማይስማማ ነው ይላል። ሁለተኛው ወገን በፕሮቲንና በቫይታሚን የበለጸገ፣ በዋጋም ረከስ ያለ በመሆኑ ለድኻ አገር የሚበጅ ነው ይላል። ሁለቱ ወገኖች በድምዳሜያቸው ቢቃረኑም አንድ ስሕተት ይጋራሉ፤ ሁለቱም ሥጋውን ቋሚ ባሕርይ ያለው አንድ ነገር አድርገው ይወስዱታል።

በኢትዮጵያ ጉዳዩ ተጨማሪ ጥንቃቄ ይጠይቃል። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናንና ሙስሊሞች አሳማ አይበሉም፤ በዚህም የተነሣ የአሳማ እርባታ በአገሪቱ እጅግ ውስን ነው። የሃይማኖት ሥርዓት በራሱ መሠረት የቆመ እንጂ በቫይታሚን መጠን የሚጸና ወይም የሚፈርስ አይደለም። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ መበላት አለበት ወይስ የለበትም የሚለውን ጥያቄ አያነሣም። የሚያነሣው ጥያቄ ተመራማሪ ሊመልሰው የሚችለውን ነው፤ ይኸውም በሥጋው ውስጥ ምን አለ? ያስገኘውስ ምንድን ነው? የሚለው ነው።

2. እንስሳው

ለማዳው አሳማ የተገኘው በአውሮፓ፣ በእስያና በሰሜን አፍሪካ ከሚኖረው የዱር አሳማ ነው። በአገራችን ከርከሮ የሚባለው የአፍሪካ እንስሳ የዚሁ ቤተ ሰብ አባል ቢሆንም ለለማዳው አሳማ የቀጥታ አባት አይደለም። ከዛሬ 9,000 እስከ 10,000 ዓመት ገደማ በፊት በዛሬዪቱ ቱርክ ምሥራቃዊ ክፍል፣ እንዲሁም ለብቻው በቻይና፣ ሰዎች ይህን እንስሳ ማላመድ ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ2005 ይፋ የሆነ የዘር ጥናት ደግሞ ማላመዱ በአንድ ቦታ ተጀምሮ ወደ ሌላው የተዛመተ ብቻ ሳይሆን በተለያዩ የዩራስያ ክፍሎች የየአካባቢው የዱር አሳማ የተሳተፈበት መሆኑን አሳይቷል።

ለአመጋገብ ተመራማሪ ከዘር ሐረጉ ይልቅ የምግብ መፍጫ አካሉ ይበልጥ ያስፈልገዋል። አሳማ እንደ ሰው ባለ አንድ ጨጓራ እንስሳ ነው፤ ሥር፣ ፍሬ፣ እህል፣ ትል፣ የወጥ ቤት ትራፊ ሁሉ ይበላል። እንደ በሬና በግ አያመነዥክም። ከዚህ አንድ ልዩነት ሁለት ውጤቶች ይከተላሉ። አንደኛው፣ አሳማ ሣርንና ገለባን ብቻ በልቶ በቂ ሥጋ ሊሠራ አይችልም። ሁለተኛው፣ የበላው ነገር ብዙ ሳይለወጥ ወደ ሥጋውና ወደ ስቡ ያልፋል። የቀረው የዚህ ጽሑፍ ክፍል በአብዛኛው የሁለተኛው ውጤት ማብራሪያ ነው።

በምርታማነት ረገድ እንስሳው ከታላላቆቹ የቤት እንስሳት ይቀድማል። እርግዝናው 114 ቀን ያህል ነው፤ አንዲት እናት በአንድ ጊዜ አሥርና ከዚያ በላይ ግልገሎች ትወልዳለች፤ በዘመናዊ እርባታ ግልገሉ በስድስት ወር ገደማ ከ100 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል። ነገር ግን ይህ ፍጥነት የሚገኘው በበቆሎና በአኩሪ አተር ነው። የሥጋው ርካሽነት የሚወሰነው በእህሉ ርካሽነት ስለሆነ፣ እህል በሚያጥርበት አገር አሳማው ከሰው ጋር በአንድ ገበታ ይሻማል።

3. የሥጋው ይዘት

3.1 የክፍሉ ልዩነት

ሠንጠረዥ 1 ከአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የምግብ ይዘት መዝገብ የተወሰዱ፣ ለማንበብ እንዲቀሉ የተጠጋጉ ቁጥሮችን ያሳያል። ሁሉም በ100 ግራም ናቸው፤ ከተነጠረው ስብ በቀር ሁሉም የጥሬ ሥጋ ልኬቶች ናቸው።

ሠንጠረዥ 1. የአሳማ ልዩ ልዩ ክፍሎች ይዘት በ100 ግራም

| ክፍል | ኃይል (ኪሎ ካሎሪ) | ፕሮቲን (ግራም) | ስብ (ግራም) | ታያሚን (ሚሊ ግራም) | ብረት (ሚሊ ግራም) |
|---|---|---|---|---|---|
| ፊሌቶ፣ ስቡ የተነሣለት | 109 | 21 | 2.2 | 1.0 | 1.0 |
| የሆድ ሥጋ ከነጮማው | 518 | 9.3 | 53 | 0.4 | 0.5 |
| ጉበት | 134 | 21 | 3.7 | 0.3 | 23 |
| የተነጠረ ስብ | 902 | 0 | 100 | 0 | 0 |

ፊሌቶውና የሆድ ሥጋው የአንድ እንስሳ አካላት ናቸው፤ በገበያም በምግብ መጠይቅም «የአሳማ ሥጋ» ተብለው ይጠራሉ። ሆኖም የሆድ ሥጋው በስብ ከፊሌቶው ሃያ አራት እጥፍ ይበልጣል፤ በፕሮቲን ግን ከግማሽ በታች ነው። ፊሌቶው በስብ መጠኑ ከዶሮ ደረት ጋር የሚወዳደር ነው። የሆድ ሥጋው ከሥጋ ይልቅ ለቅባት ይቀርባል። ስለዚህ አንድ ተመራማሪ የሁለቱን አማካይ ወስዶ ቢጽፍ፣ የጻፈው ቁጥር ማንም ሰው በልቶት የማያውቀውን ምግብ ይገልጻል።

3.2 ፕሮቲን

የቀዩ ሥጋ ፕሮቲን ለሰው የሚያስፈልጉትን አሚኖ አሲዶች ሁሉ የያዘ ነው። በተለይ እህሎች የሚያንሳቸው ላይሲን በብዛት ይገኝበታል። ይህ ግን የአሳማ ብቻ ሳይሆን የሥጋ ሁሉ ጠባይ ነው። ጥራጥሬም ይህንኑ ጉድለት ይሞላል፤ እንጀራ በሽሮ ወይም በምስር ሲበላ እህሉ የጎደለውን ላይሲን ከጥራጥሬው ያገኛል። አንድ ልዩነት መጠቀስ ይገባዋል፤ ከአሳማ ቆዳ የሚሠራው ጀላቲን በፕሮቲንነት ቢመዘገብም ትሪፕቶፋን የተባለው አሚኖ አሲድ ጨርሶ የለበትም። ስለዚህ በጥራት ከሥጋው ጋር የሚስተካከል አይደለም።

3.3 ታያሚን

አሳማን ከሌሎች የቤት እንስሳት በእውነት የሚለየው ታያሚን ወይም ቫይታሚን ቢ1 ነው። ከ100 ግራም ጥሬ ፊሌቶ 1 ሚሊ ግራም ያህል ሲገኝ፣ ከተመሳሳይ የበሬ ሥጋ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ ከዚህ አንድ አሥረኛ ያህል ወይም ያነሰ ነው። የአዋቂ ሰው የቀን ፍላጎት ለሴት 1.1፣ ለወንድ 1.2 ሚሊ ግራም ስለሆነ ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

የዚህ ቫይታሚን ታሪክ ከእስያ የሩዝ ገበታ ጋር የተያያዘ ነው። ክርስቲያን አይክማን በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በባታቪያ፣ በዛሬዋ ጃካርታ፣ ዶሮዎች የተፈተገ ሩዝ ብቻ ሲመገቡ ቤሪቤሪን የመሰለ የነርቭ በሽታ እንደሚይዛቸው፣ ገለባው ያልተነሣለት ሩዝ ሲሰጣቸው ደግሞ እንደሚድኑ አስተዋለ። ንጥረ ነገሩ በ1926 ተነጥሮ ወጣ፤ በ1936 ደግሞ በሮበርት ዊልያምስ በቤተ ሙከራ ተሠራ። ዋና ምግባቸው የተፈተገ ሩዝ ለሆነ ሕዝቦች ጥቂት የአሳማ ሥጋ እንኳ ትልቅ ለውጥ ሊያመጣ እንደሚችል ከዚህ ይገባናል።

ነገር ግን የታያሚን ጥቅም የሚመዘነው ከቀረው ገበታ አንጻር ነው። ጤፍ ፍሬው ትንሽ በመሆኑ ከነሽፋኑ ይፈጫል፤ በ100 ግራም 0.4 ሚሊ ግራም ያህል ታያሚን አለው። ደረቅ ምስር 0.9 ሚሊ ግራም ያህል ይዟል። እዚህ ላይ ተማሪዎች የሚሳሳቱበት ነጥብ አለ። ደረቅ ምስርን ከጥሬ ሥጋ ጋር በቁጥር ማስተያየት ትክክል አይደለም፤ ምስሩ ሲቀቀል ውኃ ስለሚጠጣ በ100 ግራም ወደ 0.2 ሚሊ ግራም ይወርዳል። ሥጋውም ሲበስል ከታያሚኑ ይቀንሳል፤ ቫይታሚኑ በውኃ የሚሟሟና በሙቀት የሚጎዳ ነውና። ንጽጽር መደረግ ያለበት በሚበላው መልክና መጠን ነው። ይህ ከተጠበቀ፣ ያልተፈተገ እህልና ጥራጥሬ አዘውትሮ የሚመገብ ማኅበረ ሰብ አሳማ ባለመብላቱ የታያሚን እጥረት ይደርስበታል ለማለት ምክንያት አይኖርም።

3.4 ብረትና ቫይታሚን ቢ12

በእነዚህ ሁለት ንጥረ ነገሮች የአሳማ ቀይ ሥጋ ከበሬ ያንሳል። የበሬ ሥጋ በብረት እጥፍ ያህል ይበልጠዋል። የቢ12 ልዩነት ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በአመንዣኪ እንስሳት ትልቅ ጨጓራ የሚኖሩ ረቂቅ ሕዋሳት ኮባልት ከተባለው ማዕድን ቫይታሚኑን ስለሚሠሩ እንስሳው ከውስጡ ያገኘዋል። አሳማ ግን በዋናነት ከመኖው መጠበቅ አለበት። በአንጻሩ የአሳማ ጉበት በ100 ግራም 23 ሚሊ ግራም ያህል ብረት ይዟል፤ ይህም ከበሬ ጉበት በአራት እጥፍ ገደማ ይበልጣል። በዚያው ልክ ቫይታሚን ኤ እጅግ ስለሚበዛበት ነፍሰ ጡሮች ጉበትን እንዳያዘወትሩ ይመከራሉ። ይህም ስለ ክፍሉ ሳይነገር ስለ «ሥጋው» መናገር እንደማይቻል ሌላ ማስረጃ ነው።

4. ስቡ የመኖው መስታወት

በሬ ያልጠገበ ስብ ያለበትን መኖ ቢበላ፣ በትልቁ ጨጓራው ያሉት ረቂቅ ሕዋሳት ሃይድሮጅን እየጨመሩ አብዛኛውን ወደ ጠገበ (ሳቹሬትድ) ስብ ይለውጡታል። የበሬ ሞራ በመኖ ልዩነት ብዙም የማይለዋወጠውና ሲቀዘቅዝ የሚጠነክረው በዚህ የተነሣ ነው። አሳማ እንዲህ ያለ ጣልቃ ገብ የለውም። የበላው የስብ አሲድ ከአንጀቱ ተነሥቶ በቀጥታ ወደ ጮማው ይገባል።

ይህ እውነት መጀመሪያ የታወቀው በነጋዴዎች ኪሳራ ነው። በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በደቡባዊ አሜሪካ ከለውዝ ማሳ የተረፈውን እንዲለቅሙ የሚለቀቁ አሳማዎች ጮማቸው የለሰለሰና ዘይት የሚያንጠባጥብ ሆኖ በመገኘቱ ሥጋ አቀነባባሪዎች ዋጋቸውን ዝቅ ያደርጉባቸው ነበር። በ1920ዎቹ የአገሪቱ ግብርና መሥሪያ ቤት ተመራማሪዎች ጉዳዩን አጥንተው፣ ለስላሳው ጮማ ከለውዝና ከአኩሪ አተር ዘይት የመጣ መሆኑን አረጋገጡ። አሳማው እህል ሲበላ ጮማውን በዋናነት ከስታርች ስለሚሠራው ጠንከር ይላል፤ ዘይት ያለበት መኖ ሲበላ ግን ጮማው የዘይቱን መልክ ይይዛል።

የዚሁ ሕግ መልካም ገጽታ በስፔን ይታያል። በአገሪቱ ደቡብ ምዕራብ ዴሄሳ በሚባለው የግጦሽና የዛፍ መሬት፣ የኢቤሪያ ዝርያ አሳማዎች ከኦክቶበር እስከ ፌብሩዋሪ ባሉት ወራት ከባሉጥ ዛፍ የሚወድቀውን ፍሬ እየለቀሙ ይደልባሉ። ፍሬው በኦሌይክ አሲድ የበለጸገ ነው፤ ይህ አሲድ በወይራ ዘይት ውስጥ ዋነኛው ነው። በዚህ መንገድ የደለበ አሳማ ከስቡ ከግማሽ በላይ ኦሌይክ አሲድ ይሆናል። የስፔን መንግሥት በ2014 ባወጣው ድንጋጌ ጥቁር መለያ የሚሰጠው ዘሩ ሙሉ በሙሉ ኢቤሪያዊ ሆኖ በባሉጥ ፍሬ ለደለበ እንስሳ ብቻ ነው፤ ለእርድ የሚደርሰውም ቢያንስ 14 ወር ሲሞላው ነው። ስለዚህ መኖው የሸቀጡ ማንነት አካል ሆኖ በሕግ ተመዝግቧል ማለት ነው።

በተለመደው እርባታ የተገኘ የተነጠረ የአሳማ ስብ 40 በመቶ ያህሉ የጠገበ፣ 45 በመቶ ያህሉ ባለ አንድ ጥምር ያልጠገበ፣ 11 በመቶ ያህሉ ደግሞ ባለ ብዙ ጥምር ያልጠገበ ነው። ስለዚህ «የአሳማ ስብ የጠገበ ስብ ነው» የሚለው የተለመደ አነጋገር ግማሽ እውነት ነው። መጠኑ ብቻ ሳይሆን አቀማመጡም ልዩ ነው። ፓልሚቲክ አሲድ በአብዛኞቹ የአትክልት ዘይቶች በሞለኪዩሉ ዳርና ዳር ሲቀመጥ፣ በአሳማ ስብ እንደ እናት ጡት ወተት ሁሉ በብዛት መካከሉን ይይዛል። ይህ አቀማመጥ በአንጀት ውስጥ የስቡን አወሳሰድ ስለሚለውጥ የሕፃናት ወተት አዘጋጆችን ትኩረት ስቧል።

በመኖ አማካይነት ስቡን ማሻሻል ግን ያለ ወጪ አይገኝም። ለአሳማ ተልባ ቢሰጠው በጮማው ውስጥ የኦሜጋ 3 መጠን ይጨምራል፤ ነገር ግን ባለ ብዙ ጥምር ያልጠገበ ስብ ከአየር ጋር ቶሎ ስለሚዋሐድ ሥጋው ፈጥኖ ይሻግታል። ይህን ለመከላከል ቫይታሚን ኢ በመኖው ላይ ይጨመራል።

5. የእርባታ ታሪክ በሥጋው ላይ የጣለው አሻራ

ከመቶ ዓመት በፊት የነበረው አሳማና የዛሬው አሳማ አንድ አይደሉም። የአትክልት ዘይት በርካሽ ከመገኘቱ በፊት በአውሮፓና በአሜሪካ አሳማ የሚረባው ለሥጋው ብቻ ሳይሆን ለስቡም ነበር። የተነጠረው ስብ ለማብሰያ፣ ለዳቦ መጋገሪያ፣ ለሳሙናና ለመብራት ያገለግል ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአትክልት ዘይት ገበያውን ሲይዝ ወፍራም አሳማ ዋጋ አጣ።

በዴንማርክ ለውጡ ቀድሞ ነበር የጀመረው። በ1887 ጀርመን ከዴንማርክ የሚገቡ አሳማዎችን በከለከለች ጊዜ ገበሬዎቹ ፊታቸውን ወደ እንግሊዝ ገበያ አዞሩ። በዚያው ዓመት በሆርሰንስ ከተማ የመጀመሪያው የኅብረት ሥራ ቄራ ተከፈተ። እንግሊዛውያን የሚፈልጉት ቀጭን ጮማ ያለውን ቤከን ስለነበር፣ ከ1907 ጀምሮ በፈተና ጣቢያዎች የእያንዳንዱ ዘር ልጆች የጀርባ ስብና የአካል ርዝመት እየተለካ የተሻለው ለዘር ይመረጥ ጀመር። የዛሬው ቀጭን ፊሌቶ የዚህ ዓይነቱ ረጅም ምርጫ ፍሬ ነው።

ምርጫው ያልታሰበ ዕዳም አመጣ። በአንዳንድ ቀጫጭን ዝርያዎች፣ በተለይም ፒየትሬን በሚባለው የቤልጅየም ዝርያ፣ እንስሳው ሲደነግጥ ጡንቻው ከመጠን በላይ የሚግልበት የዘር ጉድለት ተስፋፋ። ከእርድ በኋላም ሥጋው የገረጣ፣ የላላና ውኃ የሚያፈስ ይሆናል። በ1991 የካናዳ ተመራማሪዎች ለዚህ ምክንያት የሆነውን የጂን ለውጥ ለዩ፤ ከዚያ ወዲህ አርቢዎች በምርመራ ከመንጋቸው ሊያስወግዱት ችለዋል። ስብን መቀነስ ብቻውን የጥራት መለኪያ እንዳልሆነ ይህ ያስተምራል።

6. አዘገጃጀትና ጤና

6.1 ጥገኛ ትሎች

በአገራችን ጥሬ የበሬ ሥጋ መብላት የተለመደ ስለሆነ የኮሶ ትል ለማንም እንግዳ አይደለም። ከበሬ የሚመጣው የኮሶ ትል በሰው አንጀት ይኖራል፤ በመድኃኒትም ይወጣል። የአሳማው የኮሶ ትል በመልኩ ተመሳሳይ ቢሆንም በአንድ ነገር ይከፋል። የዚህ ትል እንቁላል በሰው ሆድ ከገባ እጩ ትሉ ወደ ጡንቻና ወደ አንጎል ዘልቆ ይቋጠራል፤ በአንጎል ሲቋጠር የሚጥል በሽታ ሊያስከትል ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት በሽታው በሚበዛባቸው አገሮች ከሚጥል በሽታ 30 በመቶ ያህሉ ከዚህ ጋር እንደሚያያዝ ይገልጻል።

እዚህ ላይ አንድ ጠቃሚ ልዩነት አለ። በደንብ ያልበሰለ የአሳማ ሥጋ የበላ ሰው የሚይዘው የአንጀቱ ትል ነው። የአንጎሉ በሽታ የሚመጣው ግን ትሉን ከተሸከመ ሰው ዐይነ ምድር የወጣው እንቁላል በእጅ፣ በውኃ ወይም በአትክልት ወደ አፍ ሲገባ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በኒው ዮርክ ከተማ አሳማ ፈጽሞ በማይበሉ የኦርቶዶክስ አይሁድ ቤተ ሰቦች ውስጥ በሽታው ተገኝቶ ነበር። ጥናቱ ምንጩ ትሉ ካለባቸው አገሮች መጥተው በቤት ሠራተኝነት የተቀጠሩ ሰዎች ሳይሆኑ እንደማይቀሩ አመለከተ። ስለዚህ ከአሳማ ሥጋ መራቅ ብቻውን ከዚህ በሽታ አያድንም፤ መከላከያው መጸዳጃ ቤት፣ ንጹሕ ውኃና እጅ መታጠብ ነው።

ሁለተኛው ትል ትሪኪኔላ ነው። በ1835 በለንደን በሰው ጡንቻ ውስጥ ታየ፤ በ1860 ደግሞ ፍሪድሪክ ሴንከር በጀርመን ለሞት እንደሚያደርስ አሳየ። ከዚያ በኋላ በጀርመን የሥጋ ምርመራ በማይክሮስኮፕ የተደራጀው በዚህ ትል ምክንያት ነው። በዘመናዊ እርባታ አይጥና ጥሬ ትራፊ ከአሳማው በመራቃቸው በሽታው በብዙ አገሮች ብርቅ ሆኗል። በዚህ የተነሣ የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር በ2011 ላልተፈጨ የአሳማ ሥጋ የማብሰያውን ዝቅተኛ ሙቀት ወደ 63 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አወረደ፤ ከዚያ በኋላም ሦስት ደቂቃ እንዲቆይ ያዛል። ለተፈጨው ሥጋ ወሰኑ 71 ዲግሪ ነው። እነዚህ ቁጥሮች የአንድን የምርት ሥርዓት ደኅንነት የሚያንጸባርቁ ናቸው፤ ምርመራ ወደሌለበትና አሳማ በየሜዳው ወደሚለቀቅበት አገር እንዳሉ ሊወሰዱ አይገባም።

6.2 የተቀነባበረ ሥጋ

ቤከን፣ ሳላሜና ቋሊማ በጨው፣ በናይትራይትና በጭስ የሚዘጋጁ ናቸው። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም በ2015 የተቀነባበረ ሥጋን ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች በአንደኛው ምድብ፣ ቀይ ሥጋን ደግሞ «ሳያመጣ አይቀርም» በሚለው ምድብ አስቀመጠ። በየቀኑ የሚበላ 50 ግራም የተቀነባበረ ሥጋ የትልቁን አንጀትና የፊንጢጣ ካንሰር ስጋት በ18 በመቶ ያህል ከፍ እንደሚያደርግም ገመተ። ምድቡ የሚለካው የማስረጃውን ጥንካሬ እንጂ የጉዳቱን መጠን አለመሆኑን ማስተዋል ይገባል። ተቋሙ የአሳማን ሥጋ ከቀይ ሥጋ ይቆጥረዋል። በ1987 በአሜሪካ የአሳማ አርቢዎች ማኅበር «ሌላው ነጭ ሥጋ» ብሎ ያስተዋወቀው ከገበያ ስልት እንጂ ከሥነ ሕይወት የመጣ አይደለም። በጡንቻው ያለው ማዮግሎቢን ከበሬ ቢያንስም ከዶሮ ደረት ይበልጣልና።

7. ለተመራማሪዎች የሚሰጥ ምክር

ከላይ ከቀረበው አራት የአሠራር ነጥቦች ይከተላሉ።

አንደኛ፣ «የአሳማ ሥጋ» የሚል መስመር በአመጋገብ መጠይቅ ውስጥ ብቻውን መግባት የለበትም። የአካሉ ክፍል፣ ስቡ መነሣቱ ወይም አለመነሣቱ፣ ጥሬ ወይም የበሰለ መሆኑ፣ የተቀነባበረ ወይም ያልተቀነባበረ መሆኑ ተለይቶ ይጠየቅ። በተለይ ያልተቀነባበረ ፊሌቶንና ቤከንን በአንድ አምድ የጨመረ ጥናት ስለ አንዱም ስለ ሌላውም ሊናገር አይችልም።

ሁለተኛ፣ የሌላ አገር የምግብ ይዘት ሠንጠረዥ ሲወሰድ የዚያ አገር እንስሳ፣ መኖና አቆራረጥ አብሮ እንደሚወሰድ ይታወቅ። በአሜሪካ በበቆሎና በአኩሪ አተር የደለበ አሳማ የስብ ቁጥር በፋብሪካ ተረፈ ምርት ወይም በሆቴል ትራፊ ለደለበ አሳማ ምስክር አይሆንም። ቢያንስ የስቡ ዓይነት በናሙና ሊለካ ይገባዋል።

ሦስተኛ፣ በአውሮፓና በአሜሪካ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ላይ የሚደረግ ጥናት «አሳማ አልበላም» የሚለውን መልስ በአክብሮት ተቀብሎ፣ ከአሳማ የተገኘ ጀላቲን ወይም ስብ ግን በጣፋጭና በታሸገ ምግብ ሳይታወቅ ሊገባ እንደሚችል ማስታወስ አለበት። ይህ ለተጠኚው የሃይማኖት ጉዳይ ስለሆነ ተመራማሪው ጥያቄውን በጥንቃቄ ሊያቀርብና መልሱንም በምስጢር ሊይዝ ይገባል።

አራተኛ፣ የምግብ ዋጋ የሚገመገመው ከሚበላው ብቻ ሳይሆን ለማምረት ከሚጠፋውም ጭምር ነው። አሳማ ለሰው የሚሆን እህል ከበላ የፕሮቲን ትርፉ ይቀንሳል። የምግብ ትራፊ ቢበላ ትርፉ ያድጋል፤ ነገር ግን የበሽታ በር ይከፈታል። በ2001 ብሪታንያን የመታው የአፍና የእግር በሽታ በሚገባ ያልተቀቀለ ትራፊ ይመገብ ከነበረ አንድ የአሳማ እርባታ እንደጀመረ ይታመናል፤ ትራፊ መመገብም በዚያው ዓመት በአገሪቱ ተከለከለ። ስለዚህ ርካሽነትን የሚያወሳ ማንኛውም ጥናት መኖው ከየት እንደመጣና እንዴት እንደተዘጋጀ መናገር ይኖርበታል።

8. ማጠቃለያ

አሳማ የበላውን የሚመስል እንስሳ ነው። ስቡ መኖውን፣ ቀጭንነቱ የገበያውን ምርጫ፣ ደኅንነቱ የአርቢውንና የአካባቢውን ንጽሕና ያሳያል። ሥጋው በታያሚን ከሌሎች ሥጋዎች በእርግጥ ይበልጣል፤ በብረትና በቢ12 ግን ከበሬ ያንሳል፤ በስብ ረገድ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ይደርሳል። አሳማ የሚበላ ማኅበረ ሰብ የትኛውን ክፍል፣ በምን መልክና በምን መጠን እንደሚበላ ማወቅ ይጠቅመዋል። የማይበላ ማኅበረ ሰብ ደግሞ በእህልና በጥራጥሬ የተሟላ ገበታ እስካለው ድረስ በታያሚን ረገድ የሚያጣው ነገር የለም፤ ሥርዓቱንም ለመጠበቅ የሳይንስ ማስረጃ መፈለግ አያስፈልገውም። የተመራማሪው ድርሻ ለሁለቱም ወገን ትክክለኛውን ቁጥር ከነምክንያቱ ማቅረብ ነው።